ረጃጅሞቹ ጎማዎች

ሰፈሩ ሽማግሌውን አባ ፍሬን ይለዋል። ስሙን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ያወጣው ሰው ግን አልተሳሳተም። ሽማግሌው ዕድሜውን ሙሉ መሪ ጨብጦ ኖሮ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መሪውን ለልጁ አስረከበ፤ ፍሬኑን ግን አላስረከበም። ጋቢና በተቀመጠ ቁጥር ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ኩርባ ሲመጣ ይረግጣል፣ ፍየል ስታቋርጥ ይረግጣል፣ ልጁ ሦስተኛ ማርሽ ሲያስገባ ይረግጣል። ከእግሩ ሥር ያለው ምንጣፍ ተበልቶ ላሜራው ይታያል። «አባዬ፣ እኔ ይዤልሃለሁ እኮ!» ይለዋል ልጁ። «ያዝ፣ ማን ከለከለህ? እኔም ልያዝ» ይላል ሽማግሌው ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

ልጁ ስላልን ደግሞ ልጅ እግር እንዳይመስላችሁ። ጺሙ ሸብቷል፣ ከመኪና ሥር ሲወጣ ወገቡን ይዞ ነው የሚነሳው። ሰፈሩ በደፈናው «ሾፌሩ» ይለዋል፤ ሌላ ሾፌር ስለሌለ አይምታታም። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው፤ ታክሲ አይደርስበትም፣ አውቶቡስ ስሙንም አይጠራውም። ሲሚንቶ ቢሆን፣ ምጥ የያዛት ሴት ብትሆን፣ አስከሬን ቢሆን፣ የሚወጣውም የሚወርደውም በእሱ ፎር ዊል ነው። መኪናዋ የአባቱ ነበረች ማለት ይቻላል። ሽማግሌው የመንገድ ሥራ ድርጅት ሾፌር ሆኖ ሲነዳት ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ድርጅቱ እሷንም ጡረታ አወጣትና ተያይዘው ቤት ገቡ።

ሾፌሩ ትዳር አልያዘም። ለምን ሲሉት «መኪናዋ ትቀናለች» ይልና ይስቃል። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ ባሏ ከሞተ ጀምሮ አብራቸው ነው የምትኖረው፤ እሷ ደግሞ «ውሸቱን ነው! ሚስት መጥታ የአባዬን ወንበር እንዳትይዝበት ፈርቶ ነው» ትላለች። ቀልድ ነው፤ ግን ቀልድ ብቻም አይደለም። ጋቢናው የአባቱ ነበር፤ ቄስ ቢሳፈር፣ ዳኛ ቢሳፈር ከኋላ ነው።

ከዚያ የሽማግሌው ኩላሊት ከዳው። ሁለቱም። በሳምንት ሁለቴ ከተማ ወርዶ ደሙ በማሽን መታጠብ አለበት ተባለ። ይድናል ወይ ብሎ ሾፌሩ ሲጠይቅ ሐኪሟ አላድበሰበሰችውም። «ማሽኑ አያድንም፤ ያቆያል» አለችው። «እስከ መቼ?» «እስከመጣ ድረስ።» በቃ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህች ቃል ላይ ወደቀ። ሽማግሌው ከመጣ አለ፤ ካልመጣ የለም። ሾፌሩ ያን ቀን ወደ ቤት ሲነዳ ለራሱ አንድ ነገር ነገረው፦ በዚህ ዓለም ሌላ ነገር ባይሆንለትም መንዳትስ ይችላል።

በጋውን ቻለ። ሽማግሌው በቀጠሮው ቀን ጠዋት ኮቱን ይለብሳል፣ ከበሩ በላይ ያለችውን እጀታ ይጨብጣል፣ «ሆ!» ይልና ይወጣል። ሲወርድም ያው ነው፤ መኪናዋ በቅጡ ሳትቆም በሩን ከፍቶ እግሩን ይሰደዋል። ሊደግፈው እጁን የዘረጋ ሰው ወዮለት! አንዴ ነርሷ «አባባ ይያዙኝ» ብላ ክንዱን ብትይዘው «የኔ እመቤት፣ እኔ ተሳፋሪ ነኝ፤ የምጫን ዕቃ አይደለሁም» ብሏታል። ነርሷም ሳቀች፣ ከዚያ ወዲያ ግን አልነካችውም። እንዲህ እያለ ሽማግሌው ሲመነምን፣ ሲጠቁር፣ ኮቱ ሲሰፋው ሾፌሩ ያያል፤ ያየውን ግን አይናገርም። ምን ብሎ ይናገራል? ይነዳል እንጂ።

ዝናቡ መጣ። ዝናብ በየዓመቱ ይመጣል፤ የዘንድሮው ጉድ ግን ካባው ነው። ከሰፈሩ በላይ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ተከፍቶ፣ ግዙፍ የጭነት መኪኖች ቀን ከሌት ይመላለሳሉ። ከሰፈሩ በታች ያለው ቀይ አፈር ማጥ ላይ ሁለት ቦይ ቆፍረው ትተውት ሄዱ። የእነሱ ጎማ የሰው ቁመት ያክላል፤ ምን ቸገራቸው? የሾፌሩ ፎር ዊል ግን ጎማዎቿ ቦዩ ውስጥ ሲገቡ፣ ሆዷ መሐል ባለው ጉብታ ላይ ይተኛል። አንዴ ጎማዎቹ መሐል ዝቅ ብሎ ያለው ብረት፣ ዲፈረንሻሉ፣ ጉብታው ላይ ከተቀመጠ አበቃ፤ አራቱም ጎማ ይሽከረከራል፣ ጭቃ ይረጫል፣ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም።

በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት የሆነው ይኸው ነው። የእጥበት ቀን ነበር። ሰፈርተኛው ወጥቶ ገፋ፣ ድንጋይ ጎዘጎዘ፣ ቅጠል ጎዘጎዘ፤ ወይ ፍንክች! ሽማግሌው ጋቢና ሆኖ «ማርሽ ቀንስ! ቤንዚን አታብዛባት!» እያለ ይጮኻል፤ እግሩ ባዶ ላሜራ ይረግጣል። ሲመሽ ወደኋላ ጎትተው አወጧትና ቤታቸው ተመለሱ። የዚያን ዕለት እጥበት ቀረ።

አንድ እጥበት ሲቀር ምን እንደሚመስል ያላየ አይጠይቅ። ፊቱ አበጠ። ጫማው እግሩ ላይ አልገባም አለ። ጋደም ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው፣ የሴት ልጁ የልብስ መስፊያ ጠረጴዛ ላይ ግንባሩን ደፍቶ ቁጭ ብሎ ነው ያደረው። እህትየው ጓዳ ገብታ «አባዬ በጭቃ ምክንያት ሊሞትብን ነው» ብላ አለቀሰች። ሾፌሩ በነጋታው ዱላ ቆርጦ ወደ ማጡ ወረደ።

ዱላውን ቦዩ ውስጥ ሰደደና እስከ ጉብታው ጫፍ ያለውን በቢላ ምልክት አደረገበት። ተመልሶ መኪናዋ ሥር ተንጋሎ ገባና ዱላውን ከመሬት እስከ ዲፈረንሻሉ ለካው። ቦዩ ሦስት ጣት ያህል ይበልጣል። ጎረቤት ሲያልፍ «ምን ሆንክ፣ ጉድጓድ ልትገዛ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደበት። ይሳቅ። ሾፌሩ የሚፈልገውን አግኝቷል። ገላዋን የተሸከመውን ሞላ፣ ባሌስትራውን፣ ብታስነሳ የሚነሳው የመኪናዋ ገላ ነው፤ ዲፈረንሻሏ እዛው ናት። ዲፈረንሻልን ከመሬት የሚያነሳ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ከፍ ያለ ጎማ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ልቡ ቀለል አለው። ኩላሊት መምረጥ አይቻልም፣ ጎማ ግን ይመረጣል።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ፣ በቦዩ ጠርዝ ጠርዝ ላይ እየተንጠላጠሉ አለፉ። ከእጥበት ሲወጡ ሾፌሩ መኪናዋን ከሆስፒታሉ ማዶ ያለ ጎማ ቤት በር ላይ አቆማት። ሽማግሌው ከማሽን በወጣ ቁጥር ፊቱ አመድ ለብሶ፣ ቃል መተንፈስ ይከብደዋል። የዚያን ቀን ግን ጎማ ሲያይ ነፍስ ዘራ! መስኮቱን አውርዶ ክርኑን አስደገፈ። ጎማ ሻጩ አፈ ቅቤ ነው፤ ጎማውን እያንከባለለ አምጥቶ መስኮቱ ሥር ያቆምለት ጀመር።

«ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝማ! እናቴ መኪና ቢኖራት ይቺን ነበር የማስርላት።»

«እናትህ መኪና አላት?»

«የላትም።»

«እንግዲያው እናትህን ተዋትና ያቺን አምጣ።»

መጀመሪያ የመጣችው ጥርሷ ጡብ ጡብ የሚያህል የጭቃ ጎማ ነበረች። «ይቺ ለማረሻ ናት፤ አስፋልት ላይ ስትጮህ ጆሯችንን ትቆርጠዋለች» ብሎ ሽማግሌው መለሳት። ጥርሷ መካከለኛ የሆነ፣ ጭቃውንም ኮረቱንም አስፋልቱንም የምትችለው ስትመጣ አባትና ልጅ ተያዩ። ስለ ዓይነቷ ወዲያው ተስማሙ። ጭቅጭቁ የተነሳው መጠኗ ላይ ነው።

ሾፌሩ ከነበረችው አንድ ቁጥር ብቻ ከፍ የምትለውን፣ ሰፋ ያለችውን ወደደ። የመኪናዋን ገላ ከፍ ሳያደርግ ትገባለታለች። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «ሰፊ ጎማ ጭቃ ላይ ይዋልላል። የኛ ጭቃ ሥሩ ድንጋይ ነው፤ እኔ ነኝ መንገዱ ሲቆረጥ ድንጋዩን ያመላለስኩት። ቀጠን ያለ ረጅም ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ወርዶ ድንጋዩን ይረግጥልሃል።»

«ረጅሙ ጎማ ከላዩ ያለውን መከለያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይበላል አባዬ። ገላዋንም ማስነሳት ሊኖርብን ነው።»

«አስነሳታ! ዱላህ የታለች? አምጣና ለካ!»

ሾፌሩ ለቦዩ የሚበቃውን የጎማ ቁመት ጭምር ምልክት ያደረገበትን ዱላ ከኋላ አወጣና ጎማዎቹ ጎን አቆመው። አጭሯ ምልክቱ ላይ አልደረሰችም፤ ረጅሟ ምልክቱን አልፋ ጨመረች። ሽማግሌው ቅንድቡን አነሳ። ሾፌሩ ሳቀ፣ ሻጩም ሳቀ፣ ረጅሟ ተመረጠች። ማንም ሾፌር ቢሆን እሷኑ ነበር የሚመርጠው፤ ክርክሩ የሾፌርና የሾፌር ነበርና።

ጎማ የሚያስረው ጎሚስታም ሰነፍ አልነበረም፤ የሚያውቀውን ሁሉ ተናገረ። የፍጥነት መቁጠሪያው ዝቅ አድርጎ ያሳይሃል፣ አትታለል አለው። ጎማው ከባድ ነው፣ ፍሬን ቀደም ብለህ ያዝ አለው። ትርፍ ጎማው፣ ስኮርታው፣ ከሥር አይገባም፣ ጣሪያው ላይ እሰረው አለው። ሾፌሩ ሁሉንም አሰበበት፣ ሁሉንም መላ አበጀለት። አባቱን ቤት አድርሶ በማግስቱ መኪናዋን መልሶ አመጣት፤ ፓራፋንጎው ተገዘገዘ፣ ባሌስትራዎቹ ላይ ተጨማሪ ተደረበ፣ አራቱ ጎማ ታሰሩ። ሾፌሩ አመሻሽ ላይ ለብቻው ወደ ሰፈር ሲወጣ ማጡ ላይ ሞከራት። መኪናዋ ቦዩ ውስጥ ወረደች፣ ትንሽ ዋለለች፣ ጎማው ድንጋዩን አገኘውና ቆንጠጥ አደረገው፤ ከዚያ ዝም ብላ አለፈች። ሰውዬው መሪው ላይ እንባው መጣ። ሞኝ! ሞትን የረታ ነው የመሰለው።

በቀጣዩ የእጥበት ቀን ጠዋት ሽማግሌው ኮቱን ለብሶ ወጣ። መኪናዋን ከሩቅ አይቶ «አሁን መኪና መሰለች» አለ። ዞሮ ወደ በሩ መጣ። እጀታዋን በለመደው ቦታ ሲፈልጋት አጣት፤ ወደ ላይ ሄዳለች። ተንጠራርቶ ጨበጣት። እግሩን አነሳ። እግሩ ከመወጣጫው በታች ቆመ። አወረደውና እንደገና አነሳ፤ እንደገናም እዛው ቆመ።

ሾፌሩ ክው አለ። ጉድጓዱን ለካ፣ ዲፈረንሻሉን ለካ፣ ፓራፋንጎውን ለካ። የአባቱን እግር አልለካም! ይኼ ሁሉ ለማን ነበርና? እየሮጠ መጥቶ «አባዬ፣ ልደግፍህ፤ ዛሬን ብቻ…» ሲል «ዞር በል!» አለው ሽማግሌው። ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ። ከዚያ በሌላ ድምፅ «ረጅሟን ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሁለታችንም ሾፌር ነን። ተሳፋሪ መሆኔን ረሳሁት።»

እህትየው ናት የደረሰችላቸው። የምትሰፋበትን በርጩማ ይዛ ወጣችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሽማግሌው በርጩማውን አየው፣ ልጁን አየው፣ ደሞ በርጩማውን አየው። ወጣበት። «ሆ!» ብሎ ጋቢና ገባ። ሾፌሩ በርጩማውን ከኋላ ጫነ።

«ብየዳ ቤት መወጣጫ አሠራልሃለሁ» አለው መንገድ ላይ።

«ለኔ እግር የሚደርስ መወጣጫ ቦዩ ውስጥ ይጎተታል፤ ማጡ ነቅሎ ያስቀረዋል። በርጩማው ይበቃናል።»

ይኼም ልክ ነበር። ያን ቀን ሽማግሌው ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ማጡን ሲያልፉ ዳሽቦርዱን በመዳፉ እየመታ «ንዳት! ንዳት ልጄ!» እያለ እንደ ጎረምሳ ጮኸ። ሾፌሩ በጎን አየት ሲያደርግ የአባቱ ቀኝ እግር ላሜራው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ከስንት ዓመት በኋላ ፍሬን አልያዘም። የካባ መኪና ሾፌር ከፊት መጥቶ መንገድ ሲለቅላቸው ሽማግሌው እጁን አውለበለበለት።

ሆስፒታል በርጩማው ወረደ፣ ሽማግሌው ወረደ፣ ታጠበ። ሲወጣ እንደወትሮው አመድ መስሎ ነው የወጣው። በርጩማው ላይ እጀታዋን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። መንገዱን ሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ዝናብ ያዛቸው፤ ማጡን በዝናብ አለፉት፤ ሽማግሌው አልነቃም።

ሾፌሩ በራቸው ላይ ሲያቆም «አባዬ፣ ደርሰናል። ቆይ በርጩማውን ላምጣልህ» አለው። ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ወደ ኋላ ዞረ። የኋላው በር በጭቃ ተለስኖ እንቢ አለው። ሁለቴ ሳበው፣ በጉልበቱ መታው፣ ተከፈተ።

ሽማግሌው ሰምቶት ይሁን አይሁን አይታወቅም። ከእንቅልፉ የነቃ ሾፌር የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ቤቱን አየ፣ በሩን ከፈተ፣ እግሩን ሰደደ። ያ እግር ዕድሜውን ሙሉ ከዚያች መኪና ሲወርድ መሬቱን የሚያገኘው የት እንደሆነ ያውቃል። መሬቱ ግን እዚያ አልነበረም።

ሾፌሩ በርጩማውን ይዞ ዞሮ ሲመጣ አባቱ ጭቃው ላይ በጎኑ ወድቋል። አንዱ እግሩ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ሾፌሩ በርጩማውን ጥሎ ተንበረከከ፣ «አባዬ! አባዬ!» አለ፣ የት እንደሚነካው ጠፋው። ሽማግሌው ጥርሱን ነክሶ ቆየና «ሞተሩን አጥፋ» አለው።

ጎረቤት ተጠራርቶ በብርድ ልብስ አንስቶ፣ ያው መኪና ኋላ አስተኝቶ መልሶ ሆስፒታል ወሰደው። ዳሌው ተሰብሯል። አጥንት ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስቶ አየና፣ ሾፌሩን ወደ ኮሪደር ወሰደው። ይኼን ስብራት ቀዶ መግጠም ይቻላል፤ የእሳቸው ልብ ግን ማደንዘዣውን አይችለውም አለው። «ታዲያ ምን ይሁን?» «ይተኙ። እጥበቱን እንዳያቋርጡ። ተኝተውም ቢሆን ያምጧቸው።» ሾፌሩ «እሺ» አለ።

ተኝቶ የመጣው አንድ ጊዜ ነው። እህትየው ፍራሽ በፍራሽ ላይ ደራርባ፣ ትራስ በግራ በቀኝ ጠቅጥቃ አስተኛችው። ሾፌሩ እንደዚያን ቀን ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም። ግን አዲስ ጎማ ጠንካራ ነው፣ የተደረበ ባሌስትራ ደግሞ ጭራሽ አይተኛም። ጠጠር ባለፈ ቁጥር ከኋላ ድምፅ ይሰማል። ጩኸት አይደለም፤ ሽማግሌው አልጮኸም። ጥርስ ሲፋጭ የሚሰማ ድምፅ ነው፣ መጨረሻው ላይ እንደ ሕፃን ልጅ ቀጭን የሆነ። ሾፌሩ በሕይወቱ ከአባቱ ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ነው። ጋቢናው ባዶ ነበር። ማጡ ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ምንም ሳትቸገር አለፈች። አንዳንድ ነገር ጭራሽ ሲያበግን! ያን ሰዓት ተይዛ ብትቀርለት በወደደ።

ሲመለሱ ሽማግሌው አልጋው ላይ ሆኖ ልጆቹን ጠራ። «በቃኝ» አለ።

«አባዬ፣ አፈር ስሆን! ዝናቡ ሊያባራ ነው። መንገዱ ይደርቃል። የድሮዎቹን ጎማዎች መልሼ አስራቸዋለሁ፣ መኪናዋን ዝቅ አደርጋታለሁ…»

«የመንገዱ ነገር አይደለም።»

«የእኔ ጥፋት ነው። ከመውረዴ በፊት በርጩማውን…»

«ዝም በል!» አለው ሽማግሌው፤ ተቆጣ፣ ከዚያ ቁጣው ደከመው። «ልጄ፣ ስማኝ። እንደ ዕቃ ተጭኜ ሄድኩልህ። ለአንተ ስል ነው የሄድኩት። ሁለተኛ አትጠይቀኝ።» እህትየው ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ሾፌሩ የአልጋውን ጠርዝ ይዞ ቆሞ ቀረ። መንዳት የሚችል ሰው፣ የሚነዳው የሌለ ሰው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ምን ያደርጋል! ሾፌሩ ሲነጋ ተነስቶ መኪናዋን ጠረገ፣ ፍራሽ ጨመረ፣ ከጎረቤት የተዋሰውን ፍራሽ ደረበ። ከዚያ ጎማው ሥር ቁጢጥ አለና የንፋስ መሙያውን ክዳን ፈትቶ በሚስማር ተጫነው። ንፋሱ እየጮኸ መውጣት ጀመረ።

የሽማግሌው መስኮት ቅርብ ነው። «ምንድን ነው የሚተነፍሰው?» አለ ከውስጥ። ድምፁ ከሲታ ሆኗል፤ ፊቱ እንደገና አብጧል፣ በቃልና በቃል መሐል ትንፋሽ ይፈልጋል።

«ጎማው ነው አባዬ። ንፋስ ትንሽ ልቀንስላት ብዬ ነው። ለስለስ እንድትል። እንዳትነጥርህ።»

«ተው። አልሄድም አልኩህ።»

«ዛሬን ብቻ አባዬ። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ካልተመቸህ እንመለሳለን።»

ሾፌሩ ሚስማሩን አላነሳም።

«ጎማዎቹን እንዳትቀይራቸው» አለ ሽማግሌው በመጨረሻ። «ጥሩ ጎማዎች ናቸው። እንዴት አድርገው አለፉልን እኮ!» ቀጥሎ ሌላ ነገር ተናገረ፤ ለእህትየው መሆን አለበት፤ እሷ መጥታ መስኮቱን ዘጋችው።

ሾፌሩ አንዱን ጎማ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሄደ። ትንሽ መቀነስ ነበር ሐሳቡ። እጁ ግን ሚስማሩን አላነሳ አለው፤ ንፋሱ እስኪያልቅ፣ ጩኸቱ እስኪቆም፣ ጎማው ተኝቶ ቸርኬው ላስቲኩ ላይ እስኪቀመጥ ተጭኖ ቆየ። ሁለተኛውን ጨረሰ። ሦስተኛውን ጨረሰ። አራተኛው የጋቢናው በር ሥር ያለው ነው፤ እሱም ቀስ እያለ ተነፈሰ፣ መኪናዋ ወደዚያ ዘመም አለችና ቁጭ አለች። ሾፌሩ ተነስቶ ጋቢናውን ከፈተው። እጀታዋ ትከሻው ጋ ወርዳለች። መወጣጫው የታመመ ሽማግሌም የሚደርስበት ቦታ መጥቷል። ሰውዬው በሩን ይዞ ቆሞ፣ ወደ ቤቱ በር ያይ ጀመር።

እህትየው ዓይኗ አብጦ ወጣች። መኪናዋን አየች፣ የተኙትን አራት ጎማዎች አየች፣ ወንድሟን አየች።

«ምን እያደረግህ ነው? አብደሃል እንዴ? እንዲህ ሆና እንዴት ትሄዳለች?»

«የት ልትሄድ? አባዬ በቃኝ ብሏል» አላት።